ሰባተኛው ጥያቄ

ከአስራት ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ሻንጣ ውስጥ ወረቀት መጠቅጠቅ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አዲስ ሻንጣ ከካርቶኑ ሲወጣ ሆዱ ገብቶ፣ ጎኑ ተጣጥፎ ነው የሚወጣው። በር ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አሮጌ ጋዜጣና ማሸጊያ ወረቀት እየጨመደዱ ሆዱን መሙላት ያስፈልጋል። እሱ ይጨመድዳል፣ እኔ እጠቀጥቃለሁ። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ነው የሠራነው፤ አንድም ቀን ተለዋውጠን አናውቅም። ያን ቀን ልጃችን ሕሊና ደውላ፣ «ዘንድሮ እንኳ ልጆቹን ይዘን ሁላችንም ባሌ ለሽርሽር እንሂድ። ይረባል በሉ፣ ወይ አይረባም በሉና ይለይለት» ብላኝ ነበር።

«ምን ልበላት?» አልኩት።

«እስቲ ልጠይቅ።»

«ሠላሳ ዓመት ጠይቀህ አልጨረስክም?»

«መንገድ ይለወጣላ።»

«መንገዱስ ተለወጠ፤ አንተ ነህ ያልተለወጥከው። በል እንደ ጅብራ አትገተርብኝ፣ ያንን ወረቀት አቀብለኝ።»

ሳቀና አቀበለኝ። ሻንጣዎቹን በቁመታቸው ደርድረን፣ ቆርቆሮውን በር ዘግተን፣ በእግራችን ወደ አማኑኤል ወደ ቤታችን ሄድን። መንገድ ላይ ብርቱካን ገዛ። እሑድን እንደ ማንኛውም እሑድ ዋልን። ሰኞ ጠዋት ብቀሰቅሰው አልነቃም።

ሙት ዓመቱ ያለፈው ወር ወጣ። ይህን የምጽፈው ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ፣ ገዢ ሲመጣ እያቆምኩ፣ ሲሄድ እየቀጠልኩ ነው። አዲስ ሻንጣ የራሱ ሽታ አለው፤ ሙጫ፣ ፕላስቲክ፣ መጋዘን ውስጥ የከረመ እርጥበት። ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ በገባ ቁጥር ሐሳቤ ወደ ኋላ ይሄድብኛል። እኔ ወደዚህ ሱቅ በሙሽርነት ስመጣ ሰፈሩ ገና ዱባይ ተራ አይባልም ነበር። እንዲህ ያለ ፎቅ፣ እንዲህ ያለ መስታወት አልነበረም። ሱቃችን የእንጨት መደርደሪያና የቆርቆሮ በር ነበራት፤ ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው ስለሚጮህ ከገዢ ጋር በእጅ ነበር የምንግባባው። የምንሸጠው ለሙሽራ የሚሆን አበባ የተሳለበት የቆርቆሮ ሳጥንና ከጠንካራ ካርቶን የተሠራ ቡናማ ሻንጣ ነው። ቡናማው ሁለት ቁልፍ፣ አራት የናስ ማዕዘን አለው፣ አሥራ ስምንት ብር ይሸጣል፤ ውሃ ከነካው ግን እንደ ዳቦ ይርሳል። ሻይ በስሙኒ ነበር። ከፊት ለፊታችን ካሴት ቤት ነበረ፤ ባለቤቱ አንድ ዘፈን ከወደደ እኛም እስክንጠላው ድረስ ቀኑን ሙሉ ያንኑ ይደጋግማል። ሴቱ ናይለን ቀሚስ፣ ወንዱ ትከሻው የሰፋ ኮት ይለብሳል። አውቶቡስ ተራ ቅርብ ስለሆነ ነገ የሚሳፈር ሰው ዛሬ ከሰዓት እኛ ዘንድ ይመጣል። ከአገሩ በሁሉም አቅጣጫ የሚሄድ ሰው በዚያች በር አልፏል ብል ብዙም አላጋነንኩም። አስራት ራሱ ግን ሻንጣ ነጋዴ ሆኖ የራሱ ሻንጣ አልነበረውም። የትም አይሄድማ።

ደምሴን ማንሳት አለብኝ። የአስራት ታናሽ ወንድም ነው። ቀጭን፣ ረዥም፣ ሰፊ ሱሪው ፋሽኑ ካለፈ በኋላም አልተውም ያለ ልጅ ነበር። ስንጋባ ከእኛ ጋር ነበር የሚኖረው፤ ጠዋት መስታወት ፊት የሚቆምበትን ሰዓት እኔ ምሳ እሠራበት ነበር። አስተማሪ ሆኖ ባሌ ደረሰው። ከጎባ አልፎ፣ ሳነቴ የሚባለውን የብርድ ሜዳ ተሻግሮ፣ ጫካው ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ። አስራት ከመደርደሪያው ቡናማውን ሻንጣ አውርዶ በነጻ ሰጠው። አውቶቡስ ተራ ስንሸኘው ሻንጣው ጣሪያ ላይ እንዲጫን እንኳ አልፈቀደም፤ «ይርስብኛል» ብሎ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሄደ። በመጀመሪያው ፋሲካ መጥቶ ስለዚያ ሜዳ ሲያወራ ትዝ ይለኛል። «እትዬ ዓለም» ይለኝ ነበር፣ «ጉሙ ሲወርድ እዚያ ያለው ጅብራ ሁሉ ሰው ይመስላል። ብቻህን ስታልፍ ሰላም ሳትል ማለፍ ያስፈራል።» ጅብራ ብርድ አገር የሚበቅል፣ ግንዱ የሰው ቁመት ያለው፣ ብቻውን የሚቆም ተክል ነው። ስለዚህም ነው በቁም የደነዘዘን ሰው በእሱ የምንሰድበው። እኔ ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

ከዚያ ጊዜው ተበላሸ። እንዴት እንደተበላሸ ሌላ ሰው ይጻፈው። የደምሴ ደብዳቤ ቆመ። ሰው ላክን፣ ጠየቅን፣ የለም። በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሱቃችን ድረስ መጣና፣ «ሳነቴ ላይ ጉም ውስጥ አይቼዋለሁ» አለን። «ቡናማ ሻንጣውን አጠገቡ አቁሞ መኪና ይጠብቅ ነበር። እጁን አነሳልኝ። ሞልቶብኝ አለፍኩት። ስመለስ አልነበረም።» ይኸው ነው። ሌላ ወሬ መጥቶ አያውቅም። የአስራት እናት፣ አማቴ፣ ዘመድ ተሰብስቦ እርሟን ታውጣ ሲባል እንቢ አለች። «ቆሞ ለታየ ሰው ለቅሶ አልቀመጥም» አለች። ሳትቀመጥም ሞተች። አስራት ከእሷ ሞት በኋላ የወንድሙን ስም በቤታችን አንስቶ አያውቅም። እኔም እንዳይከፋው ብዬ ተውኩት፤ ትቼው ትቼው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ረሳሁት።

ልጆቹ ከፍ ሲሉ ነው የባሌ ሽርሽር ወሬ የተጀመረው። ያመጣው ራሱ አስራት ነበር። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ሰው ልጆቹን ይዞ ሶደሬ ይወርዳል፣ ላንጋኖ ይሄዳል። እሱ ግን፣ «አንድ ቀን ባሌ እንወስዳቸዋለን፤ መጀመሪያ ግን ቤተሰብ ይዞ መሄድ መርባቱን እንጠይቅ» አለ። እኔም ደስ አለኝ። ጥያቄውን ሱቁ ውስጥ አብረን ጻፍን፤ እሱ እየተናገረ እኔ እየጻፍኩ። አንድ፣ በመንገዱ ልጅ ያስመልሰዋል ወይ? ሁለት፣ ውሃው ይጠጣል? ሦስት፣ መኝታው ቁንጫ አለው? አራት፣ በጾም የሚበላ ይገኛል? አምስት፣ ብርዱ ስንት ጋቢ ይፈልጋል? ስድስት፣ ቤተሰብ ይዞ መሄድ ይረባል? በካርቦን ወረቀት አባዛነው። ሻንጣ ሲሸጥ የተጠቀጠቀው ጋዜጣ ወጥቶ ይቀራል። ወደ ባሌ የሚሄድ ሰው ከሆነ ግን አስራት ከጋዜጣው ይልቅ ያቺን አንዲት ወረቀት አጥፎ ሻንጣው ኪስ ውስጥ ይከታል። «ስትመለስ ወሬህን» ይላል።

ሰው ይስቅበት ነበር። አጠገባችን ቀበቶ የሚሸጠው ሸምሱ፣ «ጋሼ አስራት፣ ቤትዎ አማኑኤል መሆኑ ነው አይደል?» ይለዋል፣ የሆስፒታሉን አጥር አሻግሮ እያመለከተ። «አጥሩን ዘለው ነው ወይስ በበሩ ነው የወጡት?»

«በበሩ ነው። የአንተን አልጋ አስይዤልህ ወጣሁ» ይለዋል አስራት።

ግን ሰው ይመለስ ነበር። ያ ነው የሚገርመው። ጎባ ዘመድ ጥየቃ የሄደ፣ ሮቤ ስንዴ ሊያይ የሄደ፣ ለሥራ የተዛወረ፣ ሲመለስ በመርካቶ ካለፈ ጎራ ይላል። ውሃው ጥሩ ነው። ጋቢ ሁለት ይበቃል። ልጅ ዶዶላ ላይ ያስመልሰዋል። ይረባል ጋሼ፣ በጣም ይረባል፣ ቀይ ቀበሮ ያያሉ። ሁሉም ማለት ይቻላል ይረባል ነው ያለው። አስራት አመስግኖ ሻይ ይጋብዛል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ይጨምራል፤ እኔ ከውስጥ ሆኜ አይሰማኝም። የሚመልሱለትን ግን እሰማለሁ። «አለ ጋሼ፣ ደህና ነው።» አንዱ ተሸካሚ፣ «ሰላም ብሎዎታል» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ማነው ደህና የሆነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «የሆቴሉ ዘበኛ» አለኝ። በዚያው አመንኩት።

ጳጉሜ በመጣ ቁጥር ጋቢዎቹን አጥባለሁ፣ ልጆቹ ይጠብቃሉ። እሱም፣ «ለከርሞ ይሁን፤ ትንሽ እንጠይቅ» ይላል። እኔ ብርዱን ፈርቶ ነው፣ ሱቁን መዝጋት ጠልቶ ነው እል ነበር። ሕሊና በአሥር ዓመቷ ግድግዳችን ላይ በእርሳስ ተራራና አንድ ቀበሮ ስላ ነበር። አሁን እሷ ራሷ የሁለት ልጆች እናት ናት። ቤቱን ሦስት ጊዜ ቀለም ስናስቀባ ያቺን ጥግ እያስተረፍን ስላስቀባን ቀበሮዋ ዛሬም አለች። ባሌ ግን አልሄድንም።

አስራት ካረፈ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ሱቁን ከፈትኩ። መሳቢያው ውስጥ ለሚቀጥለው ገዢ የተዘጋጁ ወረቀቶች አገኘሁ። ካርቦኑ ቀርቶ ፎቶ ኮፒ ከሆነ ቆይቷል፤ ያን የሚያስባዛው እሱ ስለነበር ለዓመታት አይቼው አላውቅም። ስድስቱ ጥያቄዎች በእኔ እጅ ጽሑፍ፣ እንደጻፍኳቸው አሉ። ከሥር ግን በእሱ እጅ ጽሑፍ ሰባተኛ ተጨምሯል። «ሳነቴ ላይ፣ ጉም ሲኖር፣ ሻንጣ ይዞ የሚቆመው ሰው አሁንም አለ?»

በዱካው ላይ ተቀመጥኩ። ሸምሱ ውሃ አመጣልኝ። ያን ሁሉ ዘመን ሽርሽር ይመረምራል ስለው ወንድሙን ነበር የሚጠይቀው። ሰውም ደህና ነው እያለ ሲመልስለት ኖረ። እንዴት እንዲህ ሊሉት እንደቻሉ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ሽበታም ሰው ዝቅ ብሎ፣ ሻይ ጋብዞ፣ «አሁንም አለ?» ብሎ ሲጠይቅህ፣ የለም ትለዋለህ? ይሉኝታ አለ። ጉም ውስጥ ከመኪና መስኮት የሆነ ነገር ቆሞ አይተሃል፤ ሰው ይሁን ተክል አላረጋገጥክም። «አለ ጋሼ፣ ደህና ነው» ትላለህ። እንደዚያ ያለው አንዱ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሠላሳ ዓመት። እሱም ለምን እንደማይሄድ ያን ጊዜ ገባኝ። ሄዶ ጅብራውን በእጁ ቢዳስሰው ደምሴ በዚያች ደቂቃ ይሞታል። ካልሄደ ግን ይቆማል። እናቱ ለቆመ ሰው አላለቀሰችም፣ እሱም አላለቀሰም።

ተናደድኩበት። ሙት ላይ መናደድ ነውር ነው፣ ግን ተናደድኩ። ለእኔ ቢነግረኝ ምን ነበር? ጋቢዎቹን ስንት ጊዜ ነው ያጠብኩት?

ሩቂያ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። ሩቂያ የማር ነጋዴ ናት፤ በወር አንዴ ከሐረና ጫካ ማር ጭና ሳነቴን አቋርጣ ትመጣለች። ማሩን መርካቶ ታራግፋለች፣ የጀሪካን ማሰሪያ ቀበቶ ከሸምሱ ትገዛለች፣ እኛ በር ላይ ቆማ ትንፋሽ ትወስዳለች። ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ማርዋን ውሃ ገብቶበታል ያለ ሰው ሙሉ ማንኪያ ሳይውጥ አይሄድም። አስራትን ገና ከሩቅ፣ «ጋሼ፣ የለም! ዛሬም ጅብራ ነው!» እያለች ነበር የምትመጣው። እኔ ደግሞ የሁለቱ ቀልድ ነው እያልኩ ስስቅ ኖሬያለሁ። እሱ ግን እሷን ሻይ ጋብዟት አያውቅም። ያም አሁን ነው የገባኝ።

ያን ቀን ከሩቅ አልጮኸችም። ቀስ ብላ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። እኔ ከሻንጣዎቹ ኋላ ስለነበርኩ የለበስኩትን ጥቁር አላየችም።

«እትዬ ዓለም፣ ጋሼ የታሉ?»

«ምን ፈለግሽ?»

«ንገሪልኝ። ዛሬ ተሸነፍኩላቸው በይልኝ።» ሻርፗን ከትከሻዋ አወረደችና አፏን ጠረገችበት። «በዚህ ጉዞ ጉሙ ወፍራም ነበር። ሹፌሩ ቀስ ብሎ ነው የነዳው። አየኋቸው፣ በአላህ። ጅብራ አይደለም፣ ጅብራን አውቀዋለሁ፣ እዚያው ነው ያደግኩት። ሰው ነው። ደግሞ አንድ አይደለም፣ ሁለት ናቸው።»

«ሁለት?»

«ጎን ለጎን። አንዱ ቀጭን ነው፣ አሮጌ ሻንጣ አጠገቡ አቁሟል። ሁለተኛው ሽማግሌ ነው መሰለኝ፣ ባዶ እጁን ነው። መኪና የሚጠብቁ ይመስላሉ ግን እጃቸውን አላነሱም። ሹፌሩን ቁም ብለው፣ እቴ የት አየሽ ብሎ ነዳው። ጋሼን ንገሪያቸው፣ ልክ ነበሩ። እኔ ነኝ ባለጌዋ።»

ከሻንጣዎቹ ኋላ ወጣሁ። ልብሴን አየች፣ ከዚያ ጀርባዬ ያለውን ባዶ ወንበር አየች።

«መቼ?» አለች።

«ሦስት ሳምንት ሊሆነው ነው።»

«ኢና ሊላሂ» ብላ በሩ ላይ ያለው ሻንጣ ላይ ተቀመጠች፤ ውስጡ ወረቀት ብቻ ስለነበር አብሯት ጎበጠ። ከዚያ እጄን ያዘችና፣ «እትዬ ዓለም፣ ጉም ነው» አለች። «ጉም ምን የማያሳይ አለ? ጅብራ ነው። ሁለት ጅብራ ጎን ለጎን በቅሎ አይቼ ነው። ደክሞኝ ነበር። ጅብራ ነው።»

ሩቂያን ለሃያ ዓመት አውቃታለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ ብላ ስትዋሽ አየኋት። ስለዚህ ሜዳውን በየትኛው ቀን እንዳለፈች አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ ተለወጠ ብል ውሸት ነው፤ እተኛለሁ። ግን በቀን፣ ሰው በሞላበት፣ መሳለሚያ ታክሲ ስጠብቅ፣ ከጎኔ የቆመው ሰው ዝም ካለ ዞር ብዬ አየዋለሁ። ባዶ እጁን ከሆነ ደግሞ ቦታ እለውጣለሁ። ሱቅ ውስጥም ሻንጣዎቹን በቁመት መደርደር ትቼ ለጥቂት ጊዜ አጋድሜያቸው ነበር። ሸምሱ፣ «እትዬ፣ የተኛ ሻንጣ ማን ይገዛል?» ብሎ ራሱ እየዞረ አቆማቸው።

ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ሕሊና ሱቅ መጣች። እጇን ሻንጣ ላይ አድርጋ፣ እንደ ልጅነቷ ቁልፉን ከፈት ዘጋ እያደረገች፣ «እማዬ፣ አባዬ ሁሌ ባሌ ባሌ እንዳለ ሞተ» አለች። «ለእሱ ስንል እንሂድ። አንቺም ትመጫለሽ። ሜዳውን አቋርጠን ጫካው ድረስ እንወርዳለን። ብቻ አንቺ ወስኚ፤ ይረባል ወይስ አይረባም?»

ስለ ሰባተኛው ጥያቄ አታውቅም። ስለ አጎቷም ከአንድ ፎቶግራፍ በቀር የምታውቀው የለም። አየኋት። የአስራትን መልስ መመለስ እችል ነበር፤ «ለከርሞ፣ እስቲ ልጠይቅ።» አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብሄድ፣ ጉም የሌለበት ቀን ቢሆን፣ ከመኪና ወርጄ ያን ግንድ ብዳስሰው፣ ሁለቱም ተክል ይሆናሉ። ደምሴን አሁን ገና፣ አስራትን ሁለተኛ ጊዜ ልቀብር ነው። ባልሄድ ቆመው ይኖራሉ። እንዲቆሙ መፈለጌ ደግሞ አስፈራኝ፤ ያ ሜዳ ብርድ ነው፣ እሱ ጋቢውን እንኳ አልያዘም። ግን ይህ የእኔ ጉዳይ ነው። ሕሊና ያንን ቀበሮ የሳለችው በአሥር ዓመቷ ነው።

«ይረባል» አልኳት። «ሁሉም ሰው ይረባል ነው ያለው። ልጆቹን ይዘሽ ሂጂ። ዶዶላ ላይ ስለሚያስመልሳቸው ሎሚ ያዢ። ጋቢ ለአንድ ሰው ሁለት ይበቃል።»

«አንቺስ?»

«እኔ ሱቅ እጠብቃለሁ።»

«እማዬ!»

«አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። ሜዳው ላይ ስታልፉ ያያችሁትን አትንገሩኝ።»

ጤነኛነቴን የምትመረምር ይመስል ትክ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ሐዘን ነው ብላ ተወችው። ሄዱ፣ አምስት ቀን ቆዩ፣ በሰላም ተመለሱ። የሐረና ማር አመጡልኝ። ቀይ ቀበሮ አይተዋል፤ ቀበሮዋ ሕሊና ግድግዳው ላይ ከሳለቻት ትረዝማለች አሉ። ስልኳ ላይ ያሉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ አሳየችኝ። ጎባ፣ ሆቴሉ፣ ልጆቹ በጋቢ ተጠቅልለው። ቀጥሎ ያለው ላይ ነጭ ነገር ብቅ ሲል ስልኩን ገልብጬ መለስኩላት። ቃሏን ጠብቃለች፤ ምንም አላለችም። ትንሿ የልጅ ልጄ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ስትከፍት እናቷ በማር ዘጋችባት።

አሁን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሱቁን እከፍታለሁ። ወረቀቱን እኔው ጨምድጄ እኔው እጠቀጥቃለሁ፤ ሻንጣዎቹን በቁመታቸው በር ላይ እደረድራለሁ። ወደ ባሌ የሚሄድ ገዢ ሲመጣ አዲስ ያስባዛሁትን ወረቀት አጥፌ ኪሱ ውስጥ እከታለሁ። ጥያቄዎቹ ስድስት ናቸው።